የጥንቸሏ ጉርሻ

የቀድሞ ባለቤቴ ከቤታችን ሲወጣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን፣ ጥሩውን ምንጣፍና የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ለልጃችን ልደት አንዲት ጥንቸል ላከ። ልውውጡ ፍትሐዊ እንዳልነበረ ለመረዳት የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጥንቸሏ ነጭ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ብቻ አመድ የነካው ይመስላል። የመጣችው በሙዝ ካርቶን ውስጥ፣ ያለ ቀለብ፣ ያለ መመሪያና ያለ ይቅርታ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ካርቶኑን ከፍታ ስታያት ያሰማችው ድምፅ ግን አባቷ ከሄደ ወዲህ በዚህ ቤት ያልተሰማ ነበርና፣ ጥንቸሏን ለመመለስ ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር ዋጥሁት።

የምንኖረው ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ሰፈሩ ግራውንድ በሚለው ወለል ላይ ነው። በራችን የሚከፈተው ወደ ጋራው ግቢ ስለሆነ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ሲወጣም ሲገባም በእኛ ደጅ ያልፋል። ሙያዬ የምግብ ሳይንስ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት ሰው ምን መብላት እንዳለበት በማጥናትና ሰው ያንን እንደማይበላ በመታዘብ ነው። ስለዚህ ጥንቸሏ በመጣች ሳምንት መነበብ ያለበትን አነበብሁና ሕግ አወጣሁ። መሠረቱ ድርቆሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ፣ የፈለገችውን ያህል። ቀጥሎ ቅጠል፣ ጠዋትና ማታ። ጣፋጭ ነገር ከተሰጣት ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ፍሬ፣ ያውም አልፎ አልፎ። ካሮት የጥንቸል ዋና ቀለብ ነው የሚለው እምነት የሕፃናት ካርቱን የወለደው ነው፤ ሥሩ ለእሷ ከረሜላ ነው፣ የሚጠቅማት ሻጮቹ ቆርጠው የሚጥሉት ቅጠሉ ነው። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቆሎ፣ ስኳር ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው፤ አንጀቷ የተሠራው ለሣር ነውና ስታርችና ስኳር ሲገባበት ውስጡ ይቦካል።

ልጄ ሕጉን በቃሏ ያዘችው። ከበራችን ወዲህ ባለው ግዛትም ተከበረ። ከበራችን ወዲያ ያለው ግን አገር ነው።

በመጀመሪያ ድንበሩን የጣሱት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መዝገብ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ጾም የማያጎድሉ ሴት ናቸው። ጥንቸሏን በመጀመሪያ ያዩዋት ቀን ነጠላቸውን ሰብስበው በግድግዳው ጥግ አለፉ። ከዚያም ከደረጃው ላይ ዞር ብለው ሥጋዋ የማይበላ፣ የማትታለብ፣ የማትጮህ እንስሳ ማሳደግ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ። ሌባስ ቢመጣ ምን ልታደርገው ነው አሉ። ልጄ ከእኔ ቀድማ፣ «ታየዋለች፣ እማማ» አለቻቸው። ጥንቸሏም ይህን የሰማች ይመስል በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ አፍንጫዋን ወደ እማማ ዘንቢል አነጣጠረች፣ አፍንጫዋም እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማማ ከዳቦ ቤት መመለሳቸው ነበር። የርኩስና የንጹሕ እንስሳ ጉዳይ እዚያው ላይ አበቃ።

ሁለተኛው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከወራቤ በኩል የመጣ፣ ሱቁ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ለልጆች የሚሰጥ ነገር የማያጣው ሙስሊም ጎረቤታችን። ጥንቸሏን ከልጆች ተራ ቆጠራት። ሙዝ አንዳንዴ፣ ብስኩት ሁልጊዜ። ከእነሱ ወዲያ የሕንፃው ሰው ሁሉ ተከተለ። አመሻሹ ላይ ልጄ ጥንቸሏን ግቢ ስታወጣት ዙሪያዋ ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ የአምባሻ ጠርዝ፣ ሌላዋ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ደግሞ በማኪያቶ የነከረችውን ብስኩት ይዛ።

ሕጉን በትሕትና አስረዳሁ። ጨርሶ መከልከል የማይቻል መሆኑን ሳይ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ጥፍር የምታህል፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብዬ አሻሻልሁት። በሙያዬ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ጉርሻን በአንድ ገደብሁ፤ በዚህ አገር።

እማማ ሳቁብኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ዶክተር። ይህን አላስተማሩሽም?»

ነጋዴውም ሁለተኛው ያስታርቃል ሲል አገዛቸው። ሦስተኛውስ ብዬ ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት በምፀት ነበር። እማማ ለሥላሴ ነው አሉ። ነጋዴው ጥቂት አሰበና ለሦስተኛው እሱ ምክንያት እንደማያስፈልገው ተናገረ፣ ብስኩቱንም ሰጣት።

እንዲህ ሆነ። ሁሉም የሰጠው ጥቂት ነበር፤ ማንም ጥፋተኛ አልነበረም። በዚህ ከተማ ነገር ሁሉ የሚበላሸው በዚህ መንገድ መሆኑን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥንቸሏ ከጥጓ ሳትወጣ ቀረች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ተቀምጣለች። ልጄ የካሮት ቅጠል አቀረበችላት፤ ፊቷን አዞረች። ሙዝ ስናቀርብላት እንኳ አላሸተተችም። ድርቆሹ እንደተቀመጠ ነው። በጠጥ፣ ያቺ የበግ በጠጥ መስላ በየጥጉ የምትገኘው ደረቅ እንክብል፣ በማደሪያ ሣጥኗ ውስጥ አንዲትም አልነበረችም። ጥንቸል ለአንድ ቀን ካልበላችና ካልጣለች አንጀቷ እንደቆመ፣ አንጀቷ ከቆመ ደግሞ ብዙ እንደማትቆይ አንብቤያለሁ።

«እማዬ፣ ትሞታለች?»

ለሕፃን አልዋሽም፤ መርሕ ነው። «አላውቅም» አልኋት።

«አንቺ ዶክተር አይደለሽ እንዴ?»

«የብስኩት ዶክተር ነኝ።»

አልሳቀችም። ጥንቸሏን በመጣችበት ካርቶን አስገብተን ጎሮ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የለመደው የግቢ ውሻና የወተት ላም እንደሆነ አስቀድሞ ነገረን። ሆዷን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ቆየ። ምን እንደበላች ሲጠይቀኝ በዝርዝር ነገርሁት፤ መደበቅ ሳይንሳዊ አይደለም። ስጨርስ የገለጽሁለት የጥንቸል ቀለብ ሳይሆን የልደት ግብዣ መሆኑን ተናገረ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ የሚሰጥ መድኃኒት ሰጠን፤ ሆዷን እንድናሽላት፣ ውኃ እንድናጠጣት፣ ከድርቆሽና ከቅጠል በቀር ምንም እንዳናስቀምሳት አዘዘ። ልጄ ካርቶኑን ለመሸከም ስትጎነበስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እስከ ነገ በጠጥ ካላዩ ያምጧት። ያኔ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

የቤታችን ድርቆሽ ያረጀ ይሆናል ብዬ ከጎሮ ወጣ ብሎ ላሞች ከሚረቡበት ግቢ አዲስ እስር ገዛን፤ ሽታው የመስከረም ሜዳ ነው። ይዘነው ሚኒባስ ስንገባ ረዳቱ እስሩን አይቶ በጉን የት እንደተውነው ጠየቀ። ልጄ ካርቶኑን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ስትታመም አይታ አንጀቷ እንዳልቻለ ተናግራ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ወደ ካርቶኑ ዘረጋች። ካርቶኑን በክንዴ ሸፈንሁት። ኢምፔሪያል እስክንደርስ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ጨካኝ ሴት አየኝ፤ ለዚህ አስተያየት አዲስ ባልሆንም።

የሕንፃው መግቢያ ላይ እማማ አገኙንና ምን ሆናችሁ አሉ። ይህን ጊዜ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ። ጥንቸሏ በጠና እንደታመመች፣ የታመመችውም ከውጭ በሚሰጣት ምግብ መሆኑን ቃል በቃል ነገርኋቸው። ዓላማዬ ምግቡን ማስቆም ነበር። የነገርሁት ዓረፍተ ነገር ሁለት ክፍል ነበረው፤ ሕንፃው የሰማው የመጀመሪያውን ነው።

በዚህ አገር «ታማለች» ለሚለው ቃል ያለው ምላሽ አንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እማማ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ብርቱካን ይዘው መጡ። ነጋዴው የማንጎ ጭማቂ በእሽግ ይዞ መጣ። ከእነሱ ጋር ጥቂት ሰዎች ዳቦ፣ ሙዝና አንድ ፓፓያ ይዘው ገቡ። ሶፋው ሞላ፣ ወንበሩ ሞላ፤ ካርቶኑ መካከል ላይ ተቀመጠ። እማማ ጎንበስ ብለው ጥንቸሏን «እግዜር ይማርሽ» አሏት። ከዚያም በታማሚ ቤት እንደሚደረገው ሁሉ ወሬው ወደ ሌሎች ታማሚዎች አለፈ፤ የማን አንጀት ስንት ጊዜ እንደተቀደደና የማን አክስት ምን ጠጥታ እንደዳነች ተነገረ። አልበላም ማለቷ ነው የሚያስፈራው በሚለው ሁሉም ተስማሙ። ትንሽ ጣፋጭ ነገር አፏ ላይ ጣል ቢደረግላት ሆዷ ይከፈት እንደሆነ ተመከረ።

ቆሜ ገለጻ አደረግሁ። ስለ አንጀት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ መቡካት፣ በሥርዓትና በቅደም ተከተል ተናገርሁ። ሰው በግዕዝ የሚደርስ ጸሎት ሲሰማ እንደሚያደርገው ራሳቸውን በአክብሮት እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ስጨርስ እማማ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ።

ልጄ ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ብርቱካኗ ስትቀርብ አየች፣ እኔን አየች፤ ከእኔ እርዳታ እንደማይመጣም ተረዳች መሰለኝ።

«ጾም ላይ ናት» አለች።

የእማማ እጅ አየር ላይ ቆመ። በሕይወቴ ያን ያህል ፈጣን ውጤት ያስከተለ የአመጋገብ ምክር አይቼ አላውቅም።

«የምን ጾም?» አሉ እማማ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«የፈቃድ ጾም ነው» ሲል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ድምፅ ነበር። ለሕፃን የማልዋሽ መሆኔን ጽፌያለሁ። እማማ ሕፃን አይደሉም።

ማን እንዳዘዛት ጠየቁኝ፤ ሐኪሟ አልሁ። ነገሩን ጥቂት መረመሩት። የሐኪምና የንስሐ አባት ሥልጣን በጥንቸል ላይ እኩል ሳይሆንላቸው አልቀረም፤ ብርቱካኗን ወደ ፌስታሉ መለሱ። ወደ ካርቶኑም ጎንበስ ብለው፣ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አሏት። ነጋዴው የጭማቂውን እሽግ አነሣ። የጾመን ሰው ማባበል ነውር ነው፤ ሁሉም ተነሥተው በሰላም ያስፈጽምሽ እያሉ ወጡ። ልጄና እኔ በሩን ዘግተን ተያየን፤ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለዓመታት ያስተማርሁት ሁሉ በሦስት ቃል ተሸነፈ። መድኃኒቱን ሰጠናት፣ ሆዷን አሸንላት። አሁንም አልበላችም፤ አሁንም በጠጥ የለም።

ሰላሙ የቆየው እስከ ምሽት ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ነጋዴው በሩን አንኳኳ። በትንሽ ሳህን ተምር ደርድሮ ይዟል፤ መግሪብ ስለደረሰ ማፍጠሪያ አመጣሁላት አለ። መልስ ሳልሰጠው እማማ ከደረጃው ወረዱ። የያዙት የጾም ብስኩት ነው፤ ቅቤም ወተትም እንቁላልም እንደሌለበት ከባለ ሱቁ አጣርተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ደግሞ የጾም ምግብ የሚከለክላት የለም።

ደጄ ላይ ተፋጠጡ። ጉዳዩ ወዲያው ከአመጋገብ ወደ ሃይማኖት ተሻገረ። እማማ ልጅቱ ክርስትና የተነሣች ናት፣ ቤቱም የማን እንደሆነ ይታወቃል አሉ። ነጋዴው በትሕትና መለሰላቸው።

«ልጅቱስ ይሁን፣ እማማ። ጥንቸሏን ግን እርስዎ አይበሉም፣ እኛ እንበላለን። ስለዚህ ለእኛ ትቀርባለች።»

«ኧረ! ለዚህ ኖሯል ስታደልባት የከረምኸው?»

ልጄ ካርቶኑን አቅፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ነጋዴው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳውን ተደገፈ፤ እማማም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን እጆቻቸውን እያየሁ ነበር። ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ ጣቶቻቸው ተሰብስበው። በእጃቸው ያለው ተምር ይሁን ብስኩት ያን ያህል ግድ እንዳልሰጣቸው በዚያች ቅጽበት ታየኝ። የሚፈልጉት ከእጃቸው እንድትወስድ ነው። በሙያዬ የምግብን እርጥበት፣ ስብ፣ ስኳርና አሰር ሁሉ ለክቻለሁ፤ እጁን ለክቼው አላውቅም ነበር።

እንዲገቡ ነገርኋቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ጠዋት ያልነካችው የካሮት ቅጠልና አንድ እፍኝ ትኩስ የድንብላል ቅጠል ነበር። ቅጠሉን ከአዲሱ ድርቆሽ ጋር በትናንሽ እስር አሰርሁና ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ፣ ሁለት ሁለት።

«አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ አውቃለሁ» አልኋቸው። «ሁለተኛው በእጅዎ አለ። ሦስተኛ የለም። ለሥላሴም ቢሆን።»

እማማ እስሯን አገላብጠው አዩአት። ይህማ የከብት ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፈቷት፤ ድርቆሹን በድንብላሉ ቅጠል ውስጥ አስገብተው፣ በሦስት ጣት ጠቅልለው፣ ጫፉን አሳምረው ጉርሻ አደረጉት። ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በዕድሜያቸው ይህ ቀላል አልነበረም። እጃቸውን ወደ ካርቶኑ ዘረጉ።

«በሞቴ» አሏት። «አፈር ስሆን።»

ጥንቸሏ አልተነቃነቀችም። እማማ እጃቸውን አልመለሱም፤ በዚህ አገር የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። ልጄ ትንፋሿን ይዛለች፤ ነጋዴው ሳህኑን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ቁጢጥ ብሏል። የድንብላሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አፍንጫዋ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አንገቷን አሰገገች። የቅጠሉን ጫፍ ያዘች፣ ሳበች፤ ከቅጠሉ ጋር ድርቆሹ ተከትሎ ገባ፤ ከዚያ ያ ደረቅ፣ ጥቃቅን የማኘክ ድምፅ ተሰማ። እማማ ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ከእሳቸው በኋላ ነጋዴው የእሱን ሁለት ሰጣት፤ አጠቃለሉ ሻካራ ነበር፣ እማማም ይህንኑ አልደበቁትም። ተምሩን ሲሄድ ለእኛ ተወልን። ጥሩ ተምር ነበር።

ጠዋት የቀሰቀሰችኝ ልጄ ናት። መዳፏን ዘርግታ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፤ በመዳፏ ላይ አንዲት ጥቁር፣ ክብ፣ ደረቅ እንክብል። በሣጥኑ ውስጥ ሌሎችም እንዳሉ ነገረችኝ። እጇን እንድትታጠብ አዘዝኋት፤ ከዚያ ግን እንክብሏን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየኋት። በጣም ጥሩ ቅርፅ ነበራት። ልጄ ከነፒጃማዋ ወደ ደረጃው ሮጠች። እማማ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበር፤ ወሬውን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቆመው ሴት ልጅ ስትወለድ የሚባለውን ያህል እልል አሉ። ከየፎቁ በር እየተከፈተ ምን ተወለደ ተባለ። ነጋዴው ከሦስተኛ ፎቅ ጎንበስ ብሎ፣ «በጠጥ» ሲል ለሕንፃው አስታወቀ።

ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ ቅርጫት ተሰቅሏል። በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የታሰሩ ትናንሽ እስሮች አሉ፤ ያለፈ ሰው ሁሉ አንድ ጥንድ ያነሣል፣ ያጎርሳል፣ ይሄዳል። ነጋዴው የጉሊት ሴቶች የሚጥሉትን የካሮት ቅጠል እየሰበሰበ ያመጣል። እማማ በተቆረጠ ጄሪካን ድንብላል ዘርተው ደረጃው ላይ አስቀምጠዋል። አምባሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሲኖር የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ጾሙ ለእሳቸው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ባለፈው እሑድ የልጄ አባት ሊጠይቃት መጣ። ለጥንቸሏ ክሬም ያለበት ዋፈር ይዟል። እማማ ደረጃው ላይ ነበሩ፤ ጾም ላይ ናት ብለው ዋፈሩን ከእጁ ወሰዱና ከቅርጫቱ አንድ ጥንድ እስር ሰጡት። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሲዘረጋ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። በልቤ አንዲት አጭር ምኞት አለፈች፤ አንዱን ብቻ ሰጥቶ ቢቆም።

ሁለተኛውንም ሰጣት።